ኖሽንና አውቶሜሽኑ ሆድና ጀርባ ሲሆኑ፦ መጠገን ይሻላል ወይስ መቀየር?

ደንበኛ ፎርም ሞልቶ ልኳል። መረጃው በዛፒየር (መተግበሪያዎችን እርስ በርስ የሚያገናኝ የአውቶሜሽን መሣሪያ) በኩል አልፎ ኖሽን (ማስታወሻና ሰንጠረዥ የሚያዝበት መተግበሪያ) ዳታቤዝ ውስጥ መግባት ነበረበት። አልገባም። ዛፒየርን ስትከፍቱት ግንኙነቱ ደህና ነው ይላል። ኖሽን ውስጥ ግን ምንም የለም። መረጃውን ውሃ በላው።

እንዲህ ሲያጋጥም አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ግንኙነቱን ሰርዞ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ወይ ተማርሮ ወደ ሌላ ተመሳሳይ መሣሪያ፣ ወደ ሜክ (Make) ወይም ወደ ኤንኤይትኤን (n8n) ይሄዳል። አንዳንዴ ይሳካል። ብዙ ጊዜ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው የሚሆነው። ከኖሽን ጋር የሚፈጠሩት የግንኙነት ችግሮች አብዛኞቹ መነሻቸው ኖሽን በኩል ነው። የፈቃድ ጉዳይ አለ፣ የዳታቤዙ አሠራር አለ፣ ኖሽን ራሱ ያስቀመጠው ገደብ አለ። መሣሪያውን ብትቀይሩትም እነዚህ ተከትለዋችሁ ይመጣሉ።

ስለዚህ ምርጫው "ዛፒየር ወይስ ሜክ?" ከሚለው አይጀምርም። ከፊታችሁ ሦስት መንገድ አለ። ያለውን መጠገን፣ የግንኙነቱን ዓይነት መቀየር፣ ወይም መሣሪያውን ራሱን መቀየር። የትኛው እንደሚያዋጣ የሚነግራችሁ የችግሩ ዓይነት ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን አንብቡ

ዛፒየር የእያንዳንዱን ዛፕ (አንዱን አውቶሜሽን የሚጠራበት ስም ነው) ታሪክ ያስቀምጣል። ሜክም የየሲናሪዮውን (እሱ አውቶሜሽኑን እንዲህ ይለዋል) ታሪክ፣ ኤንኤይትኤንም የሥራ ዝርዝሩን ይይዛል። የተሳሳተውን መስመር ክፈቱና ስህተቱን ሙሉውን አንብቡት። ቀዩን ምልክት አይቶ መዝጋት የለም። ውስጡ ብዙውን ጊዜ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩም ግማሽ መልስ ነው።

401 ካላችሁ ኖሽን ማንነታችሁን አላወቀም። ቶከኑ (መሣሪያው ኖሽን ውስጥ የሚገባበት ሚስጥራዊ ቁልፍ) ተቀይሯል፣ ተሰርዟል ወይም ሲገለበጥ ተቆርጧል። እንደገና ማገናኘት በእርግጠኝነት የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው።

403 ካላችሁ ማንነታችሁ ታውቋል፣ ሥራው ግን አልተፈቀደላችሁም። ለምሳሌ ግንኙነቱ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ተሰጥቶት አዲስ ገጽ ለመፍጠር ሲሞክር እንዲህ ይሆናል።

404 በጣም የሚያሳስት ነው። "አልተገኘም" ስለሚል ሰው ገጹ የጠፋ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ ገጹ አለ፤ ለግንኙነቱ ግን አልታየውም። ወደ ታች በዝርዝር እመለስበታለሁ።

400 የላካችሁት ነገር ከዳታቤዙ ጋር አልገጠመም ማለት ነው። የዓምድ ስም ተቀይሯል፣ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ጽሑፍ ሄዷል፣ ወይም ጽሑፉ ከልክ በላይ ረዝሟል። ኖሽን በኤፒአይ (ሌሎች ፕሮግራሞች ከእሱ ጋር በሚነጋገሩበት በር) በኩል በአንድ የጽሑፍ ቁራጭ ከ2000 ፊደል በላይ አይቀበልም። ረጅም ኢሜይል ወደ አንድ ዓምድ የሚገለብጥ አውቶሜሽን "አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም" ከተባለ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። አጭሩ ኢሜይል ያልፋል፣ ረጅሙ ይወድቃል።

429 ፍጥነት ነው። ኖሽን ለአንድ ግንኙነት በአማካይ በሰከንድ 3 ጥያቄ ነው የሚፈቅደው። መቶ መስመር በአንድ ጊዜ ለማስገባት ስትሞክሩ ይመጣል።

ቁጥሩ በ5 ከጀመረ ግን አትድከሙ። ችግሩ ሰርቨሩ ላይ ነው። የኖሽንን የአገልግሎት ሁኔታ ገጽ አይታችሁ ጠብቁ። አገልግሎቱ በተቋረጠበት ሰዓት ግንኙነት መሰረዝና እንደገና ማገናኘት የነበረውን ጤነኛ ነገር ያበላሻል።

ሰባተኛው ዓይነት ቁጥር የለውም፣ ስህተትም የለውም። ዝም ይላል። ትሪገሩ (አውቶሜሽኑን የሚያስነሳው ነገር) አልተነሳም፣ ታሪኩም ባዶ ነው። ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ ወደ ታች ትሪገር መቼ እንደሚነሳ የሚናገረውን ክፍል የጻፍኩት ለእሱ ብዬ ነው።

404ን ቀረብ ብለን እንየው

ኖሽን ውስጥ የውጭ መተግበሪያ በነባሪው ምንም አያይም። እናንተ የዎርክስፔሱ (የኖሽን የሥራ ቦታው) ባለቤት ብትሆኑም ለውጥ የለውም። የምታዩትን ሁሉ መተግበሪያው ያያል ማለት አይደለም። በገጽ በገጽ ፈቃድ ይሰጠዋል።

ዛፒየርን መጀመሪያ ስታገናኙ ኖሽን ገጾች እንድትመርጡ ይጠይቃችኋል። ያን ዕለት የነበሩትን ሦስት ዳታቤዞች መርጣችሁ ቀጠላችሁ እንበል። ከወር በኋላ አራተኛ ዳታቤዝ ፈጠራችሁ። ዛፒየር ውስጥ ዝርዝሩን ስትከፍቱ አዲሱ የለም። ዝርዝሩን ብታድሱትም አይመጣም። ግንኙነቱ ግን ጤነኛ ነው፣ የሚበላሽ ነገርም የለውም። ስለ አራተኛው ዳታቤዝ ማንም አልነገረውም፣ ያ ብቻ ነው።

መፍትሔው ከደቂቃ አያልፍም። ኖሽን ውስጥ ዳታቤዙን እንደ ሙሉ ገጽ ክፈቱ። ከላይ በቀኝ በኩል ያለውን የሦስት ነጥብ ምልክት ንኩ። ኮኔክሽንስ የሚለውን ፈልጉና ዛፒየርን ጨምሩ። ከዚያ ዛፒየር ውስጥ ዝርዝሩን አድሱ።

ፈቃድ ከላይ ወደ ታች ይወረሳል። ለአንድ እናት ገጽ ከሰጣችሁት ከሥሯ ያሉት ሁሉ ያገኙታል። ስለዚህ አውቶሜሽን የሚነካቸውን ዳታቤዞች በአንድ እናት ገጽ ሥር ሰብስባችሁ ፈቃዱን ለእሷ መስጠት ጥሩ ዘዴ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ አንድ ባልደረባ ቦታ ለማስተካከል ብሎ ዳታቤዙን ወደ ሌላ ክፍል ቢያዛውረው ውርሱ ይቋረጣል። ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ 404 ይላል። "ምንም አልነካንም" ከሚል ቡድን ውስጥ ገጽ ያዛወረ ሰው መኖሩን መጠየቅ አይከፋም።

ሌላም አለ። ኖሽን ውስጥ አንዱን ዳታቤዝ በሌላ ገጽ ላይ በሊንክ ማሳየት ይቻላል። ለዓይን እንደ ዋናው ነው። ኤፒአዩ ግን በሊንክ የታየውን አይቀበልም፤ የሚፈልገው ዋናውን ነው። አድራሻውን ከምትወዱት የማሳያ ገጽ ላይ ከገለበጣችሁት አይሠራም። ወደ ዋናው ሂዱና ከዚያ ገልብጡ።

ከአንድ በላይ ዎርክስፔስ ያላችሁ ደግሞ ፈቃድ በሚሰጥበት ገጽ ላይ ከላይ የተጻፈውን የዎርክስፔስ ስም ተመልከቱ። ብራውዘሩ የግል ዎርክስፔሳችሁን አስታውሶ ከሆነ ፈቃዱን የሰጣችሁት ለእሱ ነው። ሁሉም ነገር አረንጓዴ ይሆናል፣ የሥራው ዳታቤዝ ግን አይታይም።

እስካሁን ያነሳሁት ሁሉ መሣሪያ ለመቀየር ምክንያት አይሆንም። ሜክም ሆነ ኤንኤይትኤን ያንኑ ፈቃድ ይጠይቃችኋል።

በአካውንት ፈቃድ ወይስ በውስጥ ቶከን?

ኖሽን ሁለት በር አለው። አንዱ ሁሉም የሚያውቀው ነው። "ተገናኝ" የሚለውን ትነካላችሁ፣ የኖሽን ገጽ ይከፈታል፣ ገጾች መርጣችሁ ትፈቅዳላችሁ። ሁለተኛው የውስጥ ኢንተግሬሽን ነው። ኖሽን ውስጥ ራሳችሁ ኢንተግሬሽን ትፈጥራላችሁ፣ ሚስጥራዊ ቶከን ይሰጣችኋል፣ ቶከኑን መሣሪያው ውስጥ ታስገባላችሁ።

የመጀመሪያው ይቀላል። ቴክኒክ የማይወድ ሰው ብቻውን ይጨርሰዋል። ድክመቱ ግን ከሰው ጋር መያያዙ ነው። ፈቃዱን የሰጠችው ባልደረባ ሥራ ስትለቅና ከዎርክስፔሱ ስትወጣ ግንኙነቱ አብሯት ሊቋረጥ ይችላል። አምስት አውቶሜሽን በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ከቆመ፣ አምስቱም በአንድ ቀን የሚወድቁበት ዕድል አለ።

የውስጥ ቶከን ከግለሰብ ይልቅ ከዎርክስፔሱ ጋር የተሳሰረ ነው። ምን ማድረግ እንደሚችልም እናንተ ትወስናላችሁ። ማንበብ ብቻ፣ ማስተካከል፣ አዲስ ማስገባት፣ የተጠቃሚዎችን ኢሜይል ማየት፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ይፈቀዳል። ለየሥራው የየራሱ ቶከን ስትሰጡ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይነካም። የሰከንዱ 3 ጥያቄ ገደብም በየኢንተግሬሽኑ ስለሚቆጠር ሥራዎቹ አይሻሙም።

ጣጣም አለው። ቶከን ስትፈጥሩ ገጽ ምረጡ የሚል መስኮት ላይመጣ ይችላል። ብዙ ሰው ቶከኑን አስገብቶ 404 ሲያይ ቶከኑ የተበላሸ ይመስለዋል። በኮኔክሽንስ በኩል በየገጹ መጨመሩን ረስቶት ነው። ሌላው፣ አንድ ሰው ቶከኑን ኖሽን ውስጥ ካሳደሰው አሮጌው ወዲያው ይሞታል። በአሮጌው የሚሠራው ሁሉ 401 ይላል። ቶከን ደግሞ እንደ ይለፍ ቃል ነው። በቡድን ቻት ላይ አይላክም፣ ስክሪንሾት ውስጥም አይታይ።

ምርጫውን የሚወስነው ሌላ ነገርም አለ። የዛፒየር የኖሽን መተግበሪያ የሚገናኘው በአካውንት ፈቃድ ነው። ሜክና ኤንኤይትኤን ሁለቱንም በር ይቀበላሉ። ስለዚህ ቡድናችሁ ውስጥ ሰው ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር ከሆነና በየጊዜው እንደገና ማገናኘት ከሰለቻችሁ፣ መሣሪያ ለመቀየር የመጀመሪያው እውነተኛ ምክንያት አገኛችሁ። ከዛፒየር ጋር መቆየት ከፈለጋችሁ ግን መካከለኛ መንገድ አለ። ለአውቶሜሽን ብቻ የሚሆን የጋራ ኢሜይል አዘጋጁና የኖሽን አባል አድርጉት። ፈቃዱን እሱ ይስጥ። አንድ አባል ስለሚጨምር በሚከፈልበት ዕቅድ ላይ ክፍያ ያመጣል፣ ግን ሰው በሄደ ቁጥር ከመደናገጥ ያድናል።

ፈቃድ የመስጫው ገጽ ራሱ አልከፈት ካለ ወይም ነጭ ሆኖ ከቀረ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ ብራውዘሩ ነው። ማስታወቂያ ማገጃውን አጥፉ፣ ወይም በግል መስኮት ገብታችሁ በትክክለኛው አካውንት ሞክሩ። ከዚያም ካልሆነ የዎርክስፔሱ አስተዳዳሪ አዲስ ግንኙነት ከልክሎ እንደሆነ ጠይቁ።

እየጠየቀ የሚያመጣ ወይስ ሲነገረው የሚነሳ?

ዝም የሚለው ችግር መኖሪያው እዚህ ነው።

የኖሽን ትሪገሮች በአብዛኛው የሚሠሩት በመጠየቅ ነው። መሣሪያው በየተወሰነ ደቂቃ ወደ ኖሽን ሄዶ "አዲስ ነገር አለ?" ይላል። በዛፒየር ነፃ ዕቅድ ይህ በየ15 ደቂቃው ነው። በሜክ ነፃ ዕቅድም ከ15 ደቂቃ በታች አይወርድም፤ ሲከፈል 1 ደቂቃ ይደርሳል። ኤንኤይትኤን ላይ የኖሽን ትሪገርን በየደቂቃው እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ ነፃ ዕቅድ ላይ ሆናችሁ፣ ገጽ ፈጥራችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ "አልሠራም" ካላችሁ፣ ገና ሰዓቱ አልደረሰም።

ከዚህ የሚብሰው ሌላው ነው። ኖሽን ላይ አዲስ መስመር ለመጨመር ስትነኩ፣ ገጹ ያኔውኑ ተፈጥሯል። ርዕሱን ገና አልጻፋችሁም፣ ስልክ ቁጥሩን አላስገባችሁም። መሣሪያው በዚያች ቅጽበት ከጠየቀ ባዶውን መስመር ይዞ ይሄዳል። "አዲስ" የሚለው ትሪገር አንዴ ስላየው ደግሞ ተመልሶ አያነሳውም። ውጤቱ ስም የሌለው ኢሜይል ነው። በሌላ ቀን ግን መስመሩን ቶሎ ስለሞላችሁት በደንብ ይሠራል። ይህን የሚያይ ሰው መሣሪያው ላይ እምነት ያጣል፤ አይፈረድበትም።

መድኃኒቱ "ዝግጁ" የምትል አንዲት ምልክት ማድረጊያ ዓምድ ናት። ሰው ሞልቶ ሲጨርስ ምልክት ያደርጋል። አውቶሜሽኑ የሚነሳው በአዲስ መስመር ሳይሆን መስመሩ ሲስተካከል ነው፣ የሚያልፈውም "ዝግጁ" ምልክት ያለው ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ አውቶሜሽኑ ራሱ ሌላ ዓምድ ላይ "ተልኳል" ብሎ ይጽፋል፣ ማጣሪያው ደግሞ "ተልኳል" ያለውን ይዘላል። እንዲህ ካልተደረገ አውቶሜሽኑ የጻፈው ራሱ እንደ አዲስ ለውጥ ተቆጥሮ ዙሩ አያልቅም።

ኖሽን የመጨረሻ ለውጥ የተደረገበትን ሰዓት የሚይዘው በደቂቃ ነው። ሰከንዱ ይጣላል። በጊዜ ብቻ "ከዚህ በኋላ የተቀየረውን አምጣ" የሚል ፍሰት ራሳችሁ የሠራችሁ እንደሆነ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ የተነካ መስመር ሊያመልጥ ወይም ሊደገም ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ መልሳችሁ ጠይቁና የተደገመውን በገጹ መለያ አጣሩ።

አማራጩ ዌብሁክ ነው። እዚህ ኖሽን ራሱ ነው የሚናገረው። በሚከፈልባቸው ዕቅዶች ላይ በዳታቤዙ ውስጥ "ዝግጁ ምልክት ሲደረግ ወደዚህ አድራሻ ላክ" የሚል አውቶሜሽን መሥራት ይቻላል። ወዲያው ይደርሳል፣ አስራ አምስት ደቂቃ የለም። ነገር ግን የሚልከው የዓምዶቹን መረጃ ነው። በገጹ ውስጥ የተጻፈውን አይልክም፤ እሱን ከፈለጋችሁ መሣሪያው ተመልሶ መጠየቅ አለበት። አድራሻውን የሚያውቅ ሁሉ ወደ ፍሰታችሁ መላክ ስለሚችል በሄደር (ከመልእክቱ ጋር በሚላከው ራስጌ) ላይ ሚስጥራዊ ቃል ጨምሩ።

ተቀባዩ ማን ይሁን? ዛፒየር ዌብሁክን የሚሰጠው በሚከፈል ዕቅድ ነው። ሜክ በነፃውም ይሰጣል። ኤንኤይትኤን ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ እያንዳንዱ ዌብሁክ ሁለት አድራሻ አለው። አንዱ የመሞከሪያ ነው፣ የሚሠራውም እናንተ ስክሪኑ ላይ ሆናችሁ ስትጠብቁ ብቻ ነው። ሁለተኛው የእውነተኛው ሥራ ነው፣ የሚሠራውም ፍሰቱ ሲበራ ነው። የመሞከሪያውን አድራሻ ኖሽን ውስጥ ትቶ የሄደ ሰው ሙከራው በደንብ ሠርቶለት ማግስቱን ዝም ይልበታል።

እኔ ብመርጥ፣ ደንበኛ መልስ ለሚጠብቅበት ሥራ ዌብሁክን እወስዳለሁ። ለሳምንት ሪፖርት ወይም ለማመሳሰል መጠየቁ ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል፣ ምክንያቱም አንድ ዙር ቢያመልጥ በሚቀጥለው ያገኘዋል። የዌብሁክ ጥሪ ግን ተቀባዩ ሲዘጋ ጠፍቶ ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ

ሦስቱን በብዛት ሲያወዳድሩ የሚነሳው ዋጋና የሚያገናኙት አፕ ብዛት ነው። ኖሽን ለማገናኘት ግን ሦስቱም ይችላሉ። እኔ የማየው ሲበላሹ እንዴት እንደሚሆኑ ነው። ደህና ቀን ሁሉም ጥሩ ናቸው።

ዛፒየር ስህተትን በቀላል ቋንቋ ይነግራችኋል። የወደቀውን ከታሪኩ ገብቶ ድጋሚ ማስኬድ ይቻላል፣ በሚከፈልባቸው ዕቅዶችም በራሱ እንዲደግም ማድረግ ይቻላል። በ7 ቀን ውስጥ ከተካሄዱት 95 በመቶው ከወደቁ ዛፑን ያጠፋዋል፣ ኢሜይልም ይልካል። ያ ኢሜይል ማንም በማያነበው ሳጥን ውስጥ የሚገባ ከሆነ ለሳምንታት ጠፍቶ ይቀመጣል። የዛፒየር ሌላው ድክመት የላካችሁትን ጥሬ መልእክት ማየት ከሌሎቹ ያነሰ መሆኑ ነው። 400 ሲመጣ የትኛው ዓምድ እንዳጠፋ መገመት ሊኖርባችሁ ይችላል። በሌላ በኩል፣ ትሪገሩ ጠይቆ ባዶ እጁን ሲመለስ ከዕቅዳችሁ ኮታ አይቆጠርባችሁም። የሚቆጠረው የተሳካ ሥራ ነው።

ሜክ ሁሉንም በሥዕል ያሳያል። የቱ ክብ ጋ እንደቆመ ታያላችሁ፣ ክቡን ስትነኩት ምን ገባ፣ ምን ወጣ የሚለው ፍንትው ብሎ ይታያል። ለኖሽን 400 ስህተቶች ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ለስህተትም መንገድ ይቀየሳል፤ "429 ከመጣ ቆይተህ ድገም" ማለት ትችላላችሁ። ይሁን እንጂ ያልተጠናቀቀውን ሥራ የማስቀመጡ ምርጫ በነባሪው ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሲናሪዮ ስትሠሩ መጀመሪያ እሱን አብሩ። ካላበራችሁት የወደቀው መረጃ ወድቆ ይቀራል። በተከታታይ ሲሳሳትም ሲናሪዮው ራሱን ያቆማል፤ ነባሪው ቁጥር 3 ነው። ለኖሽን ሦስት ስህተት በአንድ የተጨናነቀ ሰዓት የሚመጣ ነገር ነው፣ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይሻላል።

ሜክ ላይ ስሌት ሥሩ። ባዶ እጁን ሲመለስም ይቆጥራል። በየ15 ደቂቃው የሚጠይቅ አንድ ሲናሪዮ በቀን 96 ጊዜ፣ በ30 ቀን 2880 ጊዜ ይጠይቃል። ነፃው ዕቅድ በወር 1000 ነው። ምንም አዲስ መረጃ ሳይመጣ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፣ ካለቀ በኋላ ያለው ዝምታ ደግሞ የግንኙነት ችግር ይመስላል። በየሰዓቱ ካደረጋችሁት 720 ስለሚሆን ይበቃል። ዌብሁክ ከሆነማ ጥሪ ሲመጣ ብቻ ነው የሚቆጠረው።

ኤንኤይትኤን በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ሊጫን ይችላል። ያኔ በሥራ ቁጥር የሚከፈል ነገር የለም፣ መረጃውም በሌላ የአውቶሜሽን ድርጅት ሰርቨር በኩል አያልፍም። የተዘጋጀው የኖሽን ኖድ (በፍሰቱ ውስጥ ያለ አንድ እርምጃ) የማይሠራውን በቀጥታ የኤፒአይ ጥሪ ትሠሩታላችሁ። እያንዳንዱ ኖድ ሲወድቅ እንዲደግም ማድረግ ይቻላል፣ ስህተት ሲኖር የሚነሳ የተለየ ፍሰትም ይዘጋጃል። ዋጋው ኃላፊነት ነው። ሰርቨሩ ሲዘጋ የሚያስነሳው እናንተ ናችሁ። የማመስጠሪያ ቁልፉ ከጠፋ የተቀመጡት ቶከኖች ሁሉ አይከፈቱም፤ ሰርቨር ስትቀይሩ ቁልፉን አብራችሁ ካልወሰዳችሁ ሁሉንም ግንኙነት እንደገና ትሠሩታላችሁ። ከሌላ ሰርቨር ጀርባ ከጫናችሁት ደግሞ የውጭ አድራሻውን በግልጽ ካልነገራችሁት የሚሰጣችሁ የዌብሁክ አድራሻ ከውጭ አይደረስበትም። ሰርቨር የሚያይ ሰው ከሌላችሁ ኤንኤይትኤንን ራሳችሁ አትጫኑት። ኩባንያው ራሱ የሚያስተናግደው ክላውድ አለ፣ እሱ የሚቆጥረው ደግሞ በእርምጃ ሳይሆን በሙሉ ዙር ነው።

በ2025 የመጣው ለውጥ

እስከ ቅርብ ጊዜ ኖሽን ውስጥ አንድ ዳታቤዝ አንድ ሰንጠረዥ ነበር። በመስከረም 2025 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በወጣው የኤፒአይ ስሪት ዳታቤዝ ከአንድ በላይ የመረጃ ምንጭ (ሰንጠረዥ) መያዝ ጀመረ። በድሮው ስሪት የሚሠራ ግንኙነት አንድ ምንጭ ብቻ ባለው ዳታቤዝ ላይ ይሠራል። አንድ ሰው ሁለተኛ ምንጭ ሲጨምር ግን የድሮው ስሪት ከየትኛው ማንበብ እንዳለበት ስለማያውቅ ይወድቃል።

ይህ ለምርጫችሁ ትልቅ ትርጉም አለው። ችግሩ የጀመረው ዳታቤዙ ላይ ሁለተኛ ምንጭ ከተጨመረ በኋላ ከሆነ፣ እንደገና ማገናኘት አይፈታውም። ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው። ወይ ሁለተኛውን ምንጭ ወደ ራሱ ዳታቤዝ ታወጡታላችሁ፣ ወይ አዲሱን ስሪት በሚያውቅ ሞጁል ወይም ቀጥታ የኤፒአይ ጥሪ ትሠራላችሁ። ዛፒየርም ሆነ ሜክ ውስጥ የኖሽን እርምጃው አዲስ ስሪት ካለው ያሳያችኋል። የድሮውን እርምጃ ማሻሻል ዓምዶቹን እንደገና ማዛመድ ሊጠይቅ ስለሚችል በሥራ ሰዓት መሀል አትጀምሩት።

የዓምድ ስምም ከዚሁ ጋር ይነሳ። "ስልክ" የነበረውን ዓምድ ባልደረባችሁ "ስልክ ቁጥር" ካደረገችው፣ በስም የሚፈልግ ፍሰት 400 ይላል። አንዲት ትርፍ ክፍት ቦታ እንኳ ትበቃለች። ዓምዱ የማይቀየር የውስጥ መለያ አለው። ኤንኤይትኤን ወይም ሜክ ላይ በቀጥታ የኤፒአይ ጥሪ የምትሠሩ ከሆነ በመለያው ተጠቀሙ። ዛፒየር ላይ ግን ዓምዶቹን አድሳችሁ ያንን እርምጃ እንደገና ሞክሩት።

ታዲያ የቱን ልምረጥ?

ስህተቱ 401፣ 403 ወይም 404 ከሆነ ባላችሁበት ጠግኑ። ዓምድ ከተቀየረም እንዲሁ። ይህ የብዙ ሰው ጉዳይ ነው፣ ከግማሽ ሰዓትም አያልፍም።

ሰው በሄደ ቁጥር ግንኙነት የሚቋረጥባችሁ ከሆነ የግንኙነቱን ዓይነት ቀይሩ። ሜክ ወይም ኤንኤይትኤን ላይ ካላችሁ ወደ ውስጥ ቶከን፣ ዛፒየር ላይ ካላችሁ ወደ ጋራ አካውንት። መዘግየት ከሆነ ችግሩ ወደ ዌብሁክ ቀይሩ።

መሣሪያ የሚቀየረው 429 የዘወትር እንግዳ ሆኖ ያላችሁ መሣሪያ ቆይቶ መድገም ሲያቅተው፣ ስህተት ሲመጣ ምን እንደተላከ ማየት ሲያቅታችሁ፣ ወይም የምትፈልጉት ጥሪ በተዘጋጁት እርምጃዎች ውስጥ ሲጠፋ ነው። ሁለት ሦስት ቀላል ፍሰት ብቻ ያለውና ቴክኒክ የማይወድ ቡድን ዛፒየር ላይ ቢቆይ እመክራለሁ። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው፣ ብዙ ዓምድ የሚያዛምድ ሥራ ላለው ሜክ ይሻላል። ብዙ መረጃ የሚያመላልስና ሰርቨር የሚያውቅ ሰው ላለው ኤንኤይትኤን።

ለመቀየር ከወሰናችሁ አሮጌውን ወዲያው አታጥፉ፣ አዲሱንም በእውነተኛው ዳታቤዝ ላይ አትጀምሩ። ሁለቱ ባንድ ላይ ከሠሩ አንድ ደንበኛ ሁለት ኢሜይል ይደርሰዋል። ዳታቤዙን አባዙና አዲሱን በቅጂው ላይ ሞክሩት። ቅጂው አዲስ መለያ ስላለው ግንኙነቱ በኮኔክሽንስ እንዳለው አረጋግጡ። ባዶ መስመር፣ ከ2000 ፊደል በላይ የሆነ ጽሑፍና በአንድ ጊዜ ሃምሳ መስመር አስገቡበት። እነዚህን ሦስቱን ካለፈ ወደ ዋናው አዛውሩት፤ አሮጌውን አጥፉ፣ ከዚያ አዲሱን አብሩ። ሜክ ላይ ስታበሩ "ከየት ልጀምር?" ሲላችሁ "ከአሁን ጀምሮ" የሚለውን ምረጡ። "ሁሉንም" ካላችሁት የድሮ መስመሮችን ሁሉ እንደ አዲስ ይልካል።

አዲሱ ተረጋግቶ ሲሄድ ወደ ኖሽን ሴቲንግ ግቡና የአሮጌውን መሣሪያ ግንኙነት አቋርጡ። ዛፑን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ግንኙነቱ እስካልተቋረጠ ድረስ ገጾቻችሁን የማንበብ ፈቃዱ በእጁ ነው።